«ደህና ነን» የምትለው ቃል፦ የሱዳን ጦርነትና የተቆረጠው የቤተሰብ ወሬ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በሰፈራችን ተከራይተው የሚኖሩ አንዲት ሱዳናዊት እናት ስልካቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። እኛ «ሐጃ» ነው የምንላቸው። ስልኩ ሞልቶ አዲስ መልዕክት አልቀበል ስላላቸው ቦታ እንድናስለቅቅላቸው ፈልገው ነበር። ስንከፍተው የሞላው በየግሩፑ በሚላኩ የጦርነት ቪዲዮዎች ነው፤ የተቃጠለ ቤት፣ የሚሸሽ ሰው፣ የወደቀ አስከሬን። በነዚህ መካከል ከኤል ፋሸር ከልጃቸው የመጡ አጫጭር የድምፅ መልዕክቶች አሉ። አንዳንዱ አሥር ሰከንድ አይሞላም። «ቪዲዮውን ሁሉ አጥፉልኝ፤ ድምፁን ግን እንዳትነኩብኝ» አሉን።

የመጨረሻው መልዕክት የገባው ከተማዋ ከመውደቋ ከቀናት በፊት ነበር። ልጁ የሚለው ያው በየጊዜው የሚለውን ነው፦ ደህና ነን፣ ዱዓ አድርጉልን። ከዚያ ወዲህ እናት በየጁሙዓው አንድ መልዕክት ይልካሉ። ከመልዕክቱ ጎን የምትታየው ግን አንዲት ምልክት ብቻ ናት። ተልኳል፤ አልደረሰም።

የሱዳን ጦርነት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የሁለት ጀነራሎችን ስም፣ የተያዘና የተለቀቀ ከተማን፣ የድርድር ጥሪን ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ከዜናው ጀርባ ያለውን አንድ ጉዳይ ማየት እንፈልጋለን። ይኸውም የቤተሰብ ወሬ መቆረጥ ነው። ወሬ ሲቆረጥ ሆድ ብቻ አይደለም የሚባባው። ገንዘብ ይቆማል፣ ትዳር ይንጠለጠላል፣ ውርስ ይታገዳል፣ የሐሰት መርዶ ይነግሣል። ይህ ደግሞ በሱዳን ብቻ የሚቀር ሳይሆን እኛንም በሁለት በኩል የሚነካ ጉዳይ ነው።

መስመሩ እንዴት ተቆረጠ?

ጦርነቱ የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023) በካርቱም ነው። ዕለቱ የ1444 ሂጅሪያ ረመዳን 24ኛ ቀን ነበር። ብዙ ቤተሰቦች የዒድ ልብስ ሊገዙ፣ ከክፍለ ሀገር ዘመድ ሊቀበሉ፣ ወይም ለዒድ ወደ ወላጆቻቸው ሊሄዱ ሲሰናዱ በጀነራል ዓብዱልፈታሕ አል ቡርሃን የሚመራው ጦርና በሙሐመድ ሐምዳን ደጋሎ (ሄሜቲ) የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ተኩስ ከፈቱ። አባት ከድልድዩ ወዲህ፣ ልጆች ከድልድዩ ወዲያ የቀሩበት ቤት ብዙ ነው። ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ በአባይ ወንዝ የተለያዩ፣ በድልድይ የተገናኙ ከተሞች መሆናቸውን ለሚያውቅ ሰው የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው።

ከዚያ በኋላ ስደቱ ተከታተለ። ከአል ጀኒና የማሳሊት ብሔረሰብ ተወላጆች ድንበር አቋርጠው ወደ ቻድዋ አድሬ ሸሹ። በታኅሣሥ 2016 ዋድ መደኒ ስትያዝ ከካርቱም ወጥቶ እዚያ የተጠለለው ሕዝብ እንደገና ተበተነ። በመሃል ያልተሰደደው የስልክ መስመር ብቻ ነበር፤ እሱም ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ ዛይን፣ ሱዳኒና ኤምቲኤን የተባሉት ሦስቱ ዋና ዋና የስልክ ድርጅቶች አገልግሎታቸው በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተቋረጠ። ተፋላሚዎቹ «አንተ ነህ የቆረጥከው» እየተባባሉ ተወነጃጀሉ። በምሥራቅ በኩል ቀስ በቀስ ሲመለስ በዳርፉርና በሌሎች አካባቢዎች ሕዝቡ ለወራት በጨለማ ቆየ።

መስመር ሲጠፋ ሰው መላ አላጣም። በድብቅ የገቡ የስታርሊንክ መሣሪያዎች በየገበያውና በየሻይ ቤቱ ተተከሉ። ሰው ተሰልፎ፣ ከፍሎ፣ ለተወሰነ ጊዜ ይገናኛል። አንድ ነገር ልብ እንበል፦ የሚከፈለው ለወሬ ብቻ አይደለም። በሱዳን ጥሬ ገንዘብ በመጥፋቱ ሕዝቡ የሚኖረው የካርቱም ባንክ ባወጣው «ባንካክ» በተባለው የስልክ መተግበሪያ ነው። ከሪያድ፣ ከጂዳ፣ ከዱባይ፣ ከካይሮ የሚላከው ገንዘብ የሚደርሰው በእሱ በኩል ነው። ነፃ ምግብ የሚያበስሉት የየሰፈሩ የወጣቶች የድጋፍ ክፍሎችም ገንዘባቸውን የሚያገኙት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ሲጠፋ ዳቦ አብሮ ይጠፋል። «ደህና ነን» የምትለው መልዕክትና የሽሮው ወይም የማሽላው ዋጋ በአንድ ክር የታሰሩ ናቸው።

ኤል ፋሸር፦ ወሬ የጠፋባት ከተማ

የሰሜን ዳርፉር ዋና ከተማ ኤል ፋሸር ከ500 ቀናት በላይ ተከባ ቆይታለች። ሕዝቡ ከኦቾሎኒ ዘይት ተጨምቆ የሚተርፈውንና ለከብት የሚሰጠውን «አምባዝ» እስከመብላት ደረሰ። በአጠገቧ ባለው የዘምዘም መጠለያ ረሃብ መግባቱ በሐምሌ 2016 መጨረሻ ታወጀ። መስከረም 9 ቀን 2018 በፈጅር ሶላት ላይ የነበሩ ከ70 በላይ ሰዎች መስጂድ ውስጥ በድሮን ተገደሉ። ጥቅምት 16 ቀን 2018 ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ከተማዋን ያዘ። የተባበሩት መንግሥታት በዚያን ወቅት 260 ሺህ ያህል ሲቪል በውስጧ እንደነበር ገምቶ ነበር። ወደ ተዊላ በእግሩ የደረሰው ከዚህ ቁጥር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው። ግንኙነቱም ያን ጊዜ ተቋረጠ።

በውጭ ያለው ቤተሰብ የዘመዱን ዕጣ ያወቀው ከማን ነው? ብዙዎች ያወቁት ከገዳዮቹ ነው። ታጣቂዎቹ የሠሩትን በስልካቸው እየቀረጹ ለቀቁት፤ እናት የልጇን ሸሚዝ፣ ወንድም የወንድሙን ፊት በዚያ ቪዲዮ ላይ አየ። ሌሎች ደግሞ ስልካቸው ሲጮኽ «አልሐምዱሊላህ፣ ተገኘ!» ብለው ሲያነሡ የገጠማቸው ቤዛ የሚጠይቅ ድምፅ ነው። የናፈቁት ጥሪ መጣ፤ በሌላ ሰው አፍ። የወሬ መቆረጥ ለወንጀለኛ ገበያ የሚከፍተው እንዲህ ነው። ቤተሰቡ የሚያጣራበት ሌላ መንገድ ስለሌለው የተባለውን ይከፍላል።

ሃያ አምስት ቃላት

እዚህ ላይ ሕጉ ምን ይላል ብለን መጠየቅ አለብን። ዓለም ከሁለተኛው ታላቅ ጦርነት ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1949 የጸደቀው አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት በ25ኛው አንቀጹ ሰው ሁሉ ለቤተሰቡ የግል ወሬ የመላክና የመቀበል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ተፋላሚዎች የደብዳቤ ልውውጥን መገደብ ካስፈለጋቸው እንኳ ማድረግ የሚችሉት በተዘጋጀ ቅጽ፣ 25 ቃላት፣ በወር አንድ ጊዜ እስከሚለው ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በታች መውረድ አይፈቀድም። ይህ አንቀጽ በቀጥታ የተጻፈው በአገሮች መካከል ላለ ጦርነት መሆኑ እውነት ነው። ለእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ግን የተለያዩ ቤተሰቦችን ለማገናኘት ተገቢው እርምጃ ሁሉ እንዲወሰድ ያዛል።

ሃያ አምስት ቃላት! አሥር ሰከንድ የድምፅ መልዕክት ማለት ነው። የዛሬ ሰባ ምናምን ዓመት ለጠላት አገር ዜጋ የታሰበው ይህ ትንሽ መብት ዛሬ ለራሱ አገር ዜጋ ተነፍጓል።

ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከየአገሩ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ጋር ሆኖ የሚሠራው «የቀይ መስቀል መልዕክት» የሚባል ነገር አለ። ክፍት ደብዳቤ ነው፤ ፖስታው አይታሸግም። የሚጻፍበት የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ማን ተወለደ፣ ማን ታመመ፣ ማን የት ነው ያለው። ፖለቲካና የጦር ወሬ አይገባበትም። በጎ ፈቃደኞች ከመጠለያ መጠለያ ይዘውት ይሄዳሉ። ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የተለያዩበት ቦታና ቀን ተመዝግቦ ፍለጋ ይካሄዳል፤ ለዘመድ ጥሪ የሚሆን ስልክም ይቀርባል። አገልግሎቱ በነፃ ነው። ብዙ ሰው ግን መኖሩን እንኳ አያውቅም።

እኛ ይህንን እናውቀዋለን

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። ጥቅምት 25 ቀን 2013 በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ ተዘጋ። አዲስ አበባ ያለው ልጅ መቀሌ ያሉት እናቱ በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቅ ወራትን ቆጠረ። የሶሓቦች ስደት መታሰቢያ የሆነው የነጃሺ መስጂድ በጦርነቱ መጎዳቱን የሰማነው ዘግይተን ነው። የመስጂዱ ጎረቤቶች እንዴት እንደሆኑ የሰማነው ደግሞ ከዚያም ዘግይተን ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ ታኅሣሥ 19 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ መቀሌ መብረር ሲጀምር በአየር ማረፊያው የታየውን ለቅሶ እናስታውሳለን። የደስታ ለቅሶ ነበር፤ ብዙዎች ግን መርዶአቸውን የሰሙት እዚያው ሲደርሱ ነው። በመሃል አባት ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ልጅ «ሰላም በሉልኝ» ሲል ከርሟል። በአማራና በአፋር፣ በኦሮሚያም በግጭት ውስጥ ያለፉ ቤተሰቦች የዚህን ጣዕም ያውቁታል።

መንገዱም የሁለት አቅጣጫ መንገድ ነው። ከትግራይ ከ60 ሺህ በላይ ሰው በሐምዳየት በኩል ወደ ሱዳን ተሻግሮ በገዳሪፍ ባሉት የኡም ራኩባና የጡነይድባ መጠለያዎች ገባ። ሱዳናውያን ምግባቸውን አካፈሉት። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሱዳናውያን ራሳቸው በገላባት በኩል ወደ መተማ፣ በኩርሙክ በኩል ወደ ቤኒሻንጉል ገቡ። በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ የተጠለሉት በአካባቢው ግጭት ምክንያት እንደገና ስጋት ላይ ወድቀው መጠለያውን ጥለው መንገድ ዳር የሰፈሩበት ጊዜም ነበር። ካርቱም ውስጥ በቤት ሠራተኝነት፣ በሻይ ሻጭነትና በግንባታ ሥራ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም አሉ። ከነሱ ውስጥ የተመለሰ አለ፤ ወዴት እንደደረሰ ያልታወቀም አለ። እነሱን የሚጠብቁት እናቶች ካርቱም ሳይሆን ወሎ፣ ጎንደር፣ ጅማና ትግራይ ነው ያሉት።

የጠፋ ሰውና ሸሪዓ

እስልምና የቤተሰብን ወሬ እንደ ቀላል ነገር አያየውም። በሱረቱ ዩሱፍ ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ዓይናቸው እስኪጠፋ ያለቀሱት ልጃቸው መሞቱ ተረጋግጦ አይደለም። የሐሰት መርዶ በደም በተቀባ ቀሚስ ተነግሯቸው፣ ልባቸው ግን አላመነም። ብርሃናቸው የተመለሰው ሌላ ቀሚስ፣ የእውነተኛ ወሬ ምልክት፣ ሲደርሳቸው ነው። የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) እናትም ልጇን በወንዝ ላይ ስትጥል እህቱን «ተከታተይው» ብላ ልካለች። የጠፋን ዘመድ መከታተል እንግዲህ የእምነት ማነስ አይደለም። በአላህ መመካትና ፍለጋ አብረው ይሄዳሉ።

በፊቅህ ወሬው የጠፋ ሰው «መፍቁድ» ይባላል፤ ራሱን የቻለ ምዕራፍም አለው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ባሏ የጠፋባት ሴት አራት ዓመት ጠብቃ፣ ከዚያ የባል ሞት ዒዳ የሆነውን አራት ወር ከአሥር ቀን ቆጥራ ማግባት እንደምትችል ፈርደዋል። ኢማም ማሊክ በዚህ ሄደዋል፤ ኢማም አሕመድም ሞቱ በሚያመዝን ሁኔታ የጠፋን በዚሁ ያያሉ። የሐነፊ መዝሀብና ኢማም ሻፊዒ በኋለኛው አቋማቸው ከዚህ ይልቅ ጥብቅ ናቸው፤ ሞቱ እስኪረጋገጥ ወይም በዕድሜ እኩዮቹ እስኪያልቁ ትጠብቅ ይላሉ። በኋለኛው ዘመን ብዙ የሐነፊ ዑለማዎች የሴቲቱን ችግር አይተው የማሊኪን አቋም ወስደዋል። የማሊኪ ሊቃውንት በሙስሊሞች መካከል በተነሳ ውጊያ ላይ ተሰልፎ የጠፋውን ለብቻው ያዩታል፤ ጉዳዩም በሰላም ጊዜ ከጠፋው ፈጠን ብሎ ይወሰናል። ንብረቱ ደግሞ ቃዲ እስኪወስን አይከፋፈልም፤ ከሌላ የሚወርሰው ድርሻም ተለይቶ ይቆያል።

ይህ ሁሉ የሚያሳየን አንድ ነገር ነው፦ ሁኔታዋን ዘመድ ወይም ጎረቤት በግምት አይወስንላትም። የቃዲ ጉዳይ ነው። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተቋቋሙት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጋብቻንና ውርስን ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ያያሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ወሬው ለሁለት ዓመት የጠፋ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲነገር ማመልከት ይፈቅዳል። በሁለቱም በኩል ዳኛው የሚጠይቀው መጀመሪያ ማስረጃ ነው፤ መቼ ጠፋ፣ የት ጠፋ፣ የመጨረሻው ወሬ ምን ነበር፣ ማን አየው። የመጨረሻውን መልዕክት የደለተ ሰው ከናፍቆቱ ባሻገር ማስረጃውንም አጥቷል። ሐጃ «ድምፁን እንዳትነኩብኝ» ማለታቸው የናፍቆት ብቻ ቢመስለንም ለምራታቸውና ለልጅ ልጆቻቸው የሚጠቅም ትልቅ ነገር ነው።

የሐሰት መርዶ፣ የሐሰት ምሥራች

ወደ ሐበሻ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሶሓቦች «መካ ሰለመች» የሚል ወሬ ደርሷቸው መመለሳቸውን የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበውልናል። ሲደርሱ ወሬው ሐሰት ነበር፤ ስቃዩ ጠበቃቸው፤ ብዙዎቹም እንደገና ተሰደዱ። ስለዚህ የሐሰት ምሥራችም እንደ ሐሰት መርዶ ይጎዳል። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ አጣሩ የተባልነውም ለዚህ ነው።

ዛሬ በየቴሌግራሙና በየፌስቡኩ «ዳርፉር» እየተባለ የሚለጠፈው ምስል ስንቱ የሌላ አገር፣ ስንቱ የዛሬ አምስት ዓመት፣ ስንቱ በኮምፒዩተር የተሠራ እንደሆነ የምናጣራ ስንት ነን? እውነተኛው እንኳ ቢሆን የአንድ ሰው ልጅ ነው። ፊቱ የሚታይ አስከሬን ስናጋራ እናቱ ከኛ ግሩፕ ልታየው እንደምትችል እናስብ። በማስተማር ላይ በነበርንበት ጊዜ ተማሪ ክፍል ውስጥ ሳለ መርዶ ከመጣ በድንገት አይነገረውም ነበር። ዘመድ ይጠራል፣ ወደ ቤት ይወሰዳል፣ በወጉ ይነገረዋል። መርዶ ወግ አለው። ስልክ ይህንን ወግ እንዳይበላብን መጠንቀቅ የኛ ፈንታ ነው።

ምን እናድርግ?

ተፋላሚዎቹን ለማዘዝ አቅም የለንም። ለማስታወስ ግን አፍ አለን። ለሱዳን የሚደረግ ማንኛውም ድርድር «ሰብአዊ እርዳታ» ሲል ስንዴና መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የስልክ መስመርንም ይጨምር ማለት እንችላለን። የታሳሪዎች ስም ዝርዝር ለቤተሰብ ይሰጥ፣ የሞተው በስሙ ይቀበር፣ መቃብሩ ይመዝገብ ማለት እንችላለን።

በእጃችን ያለው ሥራ ግን ከዚህ ቅርብ ነው። ሱዳናውያን በሚበዙባቸው ሰፈሮችና በድንበር ከተሞች ያሉ መስጂዶች ከጁሙዓ በኋላ የቀይ መስቀልን የቤተሰብ ፍለጋ አገልግሎት ማስተዋወቅ ይችላሉ። ዐረብኛ የሚጽፉ የመድረሳ ተማሪዎች ቅጹን ለማይጽፉ እናቶች ቢሞሉላቸው ትልቅ ሰደቃ ነው። ዘመዱ በሱዳን የጠፋበት ኢትዮጵያዊ ቤተሰብም ቀኑን፣ ቦታውንና የመጨረሻውን ጥሪ በወረቀት ይጻፍ፤ መልዕክቱን በሌላ ስልክም ያስቀምጥ። ቤዛ ተጠየቅን የሚሉ ካሉ ከመክፈላቸው በፊት ድምፁን ይስሙ፤ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀውን ጥያቄ ይጠይቁ። ዑለማዎቻችንም የመፍቁድን ጉዳይ ከኪታብ አውጥተው በሚገባ አማርኛ ለሕዝቡ ያስተምሩ፤ ሰሚው ብዙ ነው።

ከሐጃ ስልክ ላይ ቪዲዮዎቹን አጥፍተን ድምፆቹን በሌላ ቦታ ቀድተን ሰጠናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ቅጹን አብረን ሞላን። «የመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታ» በሚለው ላይ ሰፈሩንና መስጂዱን አስጻፉን። መልዕክት በሚጻፍበት ቦታ ምን እንበል ስንላቸው ብዙ አሰቡና አጭር ነገር አስጻፉን፦ ደህና ነን፣ ልጆችህ እኔ ጋ ናቸው፣ ትልቁ ቁርኣን ጀምሯል፣ በሩ ክፍት ነው። ቆጠርነው፤ ከሃያ አምስት ቃላት በታች ነበር።

አላህ የተለያዩትን ያገናኝ፣ የሞቱትን በራሕመቱ ይቀበል፣ ለሱዳንም ለአገራችንም ሰላም ያውርድ። አሚን።